ጆን ፖል ጆንስ፦ የጎደለውን ድምፅ የሚሰማው ቤዝ ተጫዋች

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ ወጣት ሙዚቀኞች፤

ሌድ ዘፕሊን የተባለውን የእንግሊዝ ሮክ ባንድ የምታውቁ ሁሉ አባላቱን ስትቆጥሩ አራተኛው ላይ ትንሽ ሳትዘገዩ አትቀሩም። ድምፃዊው ሮበርት ፕላንት ወዲያው ይታወሳል። ጊታሪስቱ ጂሚ ፔጅም እንዲሁ። ጆን ቦንሃም ካረፈ ከአርባ ዓመት በላይ ቢሆነውም ከበሮ የሚመታ ሰው ሁሉ ዛሬም ስሙን በአክብሮት ያነሣል። አራተኛው ጆን ፖል ጆንስ ነው፤ የባንዱ ቤዝ ጊታር፣ ማለትም ወፍራሙን የታች ድምፅ የሚያወጣው ጊታር፣ ተጫዋች። ዛሬ የምናገረው ስለ እርሱ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ስለ ጆንስ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በመሣሪያ ዝርዝር ይጀምራል። ቤዝ ጊታር፣ ፒያኖ፣ ኦርጋን፣ ማንዶሊን፣ የእንጨት ዋሽንት፣ ሲንተሳይዘር እያለ ይቀጥላል። ዝርዝሩ ትክክል ነው፤ ሰውየውን ግን አይገልጸውም። ብዙ መሣሪያ የሚነካካ ሰው በየከተማው ሞልቷል። ጆንስ የተለየው በጆሮው ነው። አንድ ዘፈን ገና ሳያልቅ ምን እንደጎደለው ይሰማዋል። የጎደለው ማንዶሊን ከሆነ ማንዶሊን ያነሣል፤ ዝምታ ከሆነ ደግሞ እጁን ይሰበስባል። ይህ ጆሮ እንዴት እንደተገራ፣ የት እንደሠራ፣ ምን እንዳተረፈልን ላሳያችሁ እፈልጋለሁ።

ትክክለኛ ስሙ ጆን ባልድዊን ነው። ጥር 3 ቀን 1946 እንግሊዝ ውስጥ ሲድከፕ በተባለ ቦታ ተወለደ። አባቱ ጆ ባልድዊን ፒያኖ ተጫዋችና የዳንስ ኦርኬስትራዎች አቀናባሪ ነበር። እናቱም ከመድረክ ዓለም ስለነበረች ባልና ሚስቱ እየተዘዋወሩ ይሠሩ ነበር፤ ልጃቸውም በዚሁ ምክንያት አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። በ14 ዓመቱ የአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋችና የመዘምራን መሪ ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የኋላው ነገር ሁሉ የሚፈታው እዚህ ነው። የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ከሌላው የቁልፍ መሣሪያ የሚለየው ለእግርም ቁልፍ ስላለው ነው። ቀኝ እጅ ዜማውን ሲይዝ፣ ግራ እጅ መካከለኛውን ድምፅ ይሞላል፤ እግሮቹ ደግሞ ከታች የወፍራሙን ድምፅ መሠረት ይጥላሉ። ስለዚህ ኦርጋን የሚማር ልጅ ቤዙን ከዜማው ነጥሎ ማሰብ አይችልም። አንድ አካል ሦስቱን በአንድ ጊዜ ይሠራቸዋል። በዚያ ላይ የመዘምራን መሪነት ሲጨመርበት የሌላውን ሰው ትንፋሽ መጠበቅ ግድ ይሆናል። በ14 ዓመት ዕድሜው ይህን ሁለቱን የያዘ ልጅ ቤዝ ጊታር ሲያነሣ ከተራ ጀማሪ ጋር እኩል አይነሣም።

ቤዝ ጊታሩን ለመግዛት ግን አባቱን ማሳመን ነበረበት። የሚገዛው በየጊዜው በሚከፈል ብድር ስለነበረ የአባት ፊርማ ያስፈልጋል። አባትየው ደግሞ ቤዝ ጊታር ሁለት ዓመት የማይቆይ ፋሽን መስሎት ነበርና ልጁን ቴኖር ሳክስፎን ተማር ይለዋል። ልጁ በቤዝ ሥራ እንደሚያገኝ ሲነግረው ነገሩ ተለወጠ። ሥራ ካለማ መልካም ብሎ ፈረመለት። አባትየው በሙዚቃ ቤተሰብ ያስተዳደረ ሰው ነው፤ የገባው ቋንቋም ይኸው ነበር። ጆንስ ራሱ በኋላ ላይ ይህን ታሪክ በፈገግታ ደጋግሞ ተናግሮታል። ልጁን ወደ ቤዝ የሳበው የቺካጎው ሙዚቀኛ ፊል አፕቸርች ያስቀረጸው አንድ ሸክላ ነው፤ በውስጡ ቤዙ ብቻውን ወጥቶ የሚጫወትበት ቦታ አለ። ከጃዝ ቻርልስ ሚንገስን፣ ከዲትሮይት የሞታውን ስቱዲዮ ደግሞ ጄምስ ጀመርሰንን እየሰማ አደገ። ጀመርሰንን የማታውቁ ካላችሁ ዛሬውኑ ፈልጋችሁ ስሙት። ቤዝ ከታች ሆኖ መዝፈን እንደሚችል ያስተማረ ሰው ነው።

በ1963 ጀት ሃሪስና ቶኒ ሚሃን የተባሉ፣ ሻዶውስ ከተባለው ዝነኛ ባንድ የወጡ ሁለት ሙዚቀኞች የራሳቸውን ቡድን ሲያቋቁሙ ጆንስ አብሯቸው ዞረ። የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ከዓመት ተኩል ገደማ በኋላ በሚሃን አቅራቢነት በለንደን የዴካ ስቱዲዮ በር ተከፈተለት። ጆን ፖል ጆንስ የሚለውን ስም ያገኘውም በ1964 ነው። የሮሊንግ ስቶንስ ባንድ ሥራ አስኪያጅ የነበረው አንድሩ ሉግ ኦልድሃም ፈረንሳይ ውስጥ ያየውን የፊልም ማስታወቂያ አስታውሶ አወጣለት። በዚያ ስም አንድ ሸክላ ወጣ፤ ሸክላው ተረሳ፣ ስሙ ቀረ።

ከ1964 እስከ 1968 ያሉት ዓመታት የጆንስ ዩኒቨርሲቲ ናቸው ብዬ አምናለሁ። የስቱዲዮ ተጫዋች ሥራ ምን እንደነበር በዝርዝር ልንገራችሁ። አንድ የቀረጻ ክፍለ ጊዜ በተለምዶ ሦስት ሰዓት ነበር። በሦስት ሰዓት ውስጥ ብዙ ዘፈኖች ተቀርጸው ማለቅ አለባቸው። ተጫዋቹ ሲመጣ የማን ዘፈን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ኖታው ከፊቱ ይደረጋል፣ አንድ ጊዜ ይሞከራል፣ ከዚያ ቀይ መብራት ይበራል። በዚያ ዘመን መሣሪያዎቹ አብረው ስለሚቀረጹ አንድ ሰው ከተሳሳተ ሁሉም እንደገና ይጀምራል። የተሳሳተው ሰው በማግሥቱ አይጠራም። ጠዋት የልጃገረድ ድምፃዊት የፍቅር ዘፈን፣ ከሰዓት በኋላ የማስታወቂያ ሙዚቃ፣ ማታ የሮክ ባንድ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ማንም ስለ ራሱ ስልት አይጨነቅም። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ይህ ዘፈን ምን ይፈልጋል?

ለንደን ውስጥ የጀመርሰንን ዓይነት ቤዝ በትክክል የሚጫወት ወጣት በዚያ ጊዜ ብርቅ ስለነበረ ጆንስ በየቦታው ተፈለገ። ኖታ ማንበብ ብቻ ሳይሆን መጻፍም ስለሚችል ብዙ ሳይቆይ አቀናባሪ ሆነ። የዶኖቫንን ሰንሻይን ሱፐርማን ስትሰሙ ቤዙ የእርሱ ነው። የዚያው ድምፃዊ ሜሎ የሎ የእርሱ ቅንብር ነው። የሮሊንግ ስቶንስ ሺስ ኤ ሬይንቦው በ1967 ሲወጣ ዘፈኑን ከፍ የሚያደርጉትን ቫዮሊኖች የጻፋቸው እርሱ ነው፤ ገና 21 ዓመቱ ነበር። ስሙን የሚያነሣ ጋዜጣ ግን አልነበረም። በራድዮ በየቀኑ የሚሰማ፣ በመንገድ ላይ ማንም የማያውቀው ሰው ሆነ። በእኛ አባባል ሙያ በልብ ነው የሚባለው ሰው ይህ ነው።

ሥራው ግን ነፍሱን መጨረስ ጀመረ። በወር እስከ 50 እና 60 የሚደርስ ቅንብር ይሠራ እንደነበርና ሊገድለው እንደተቃረበ ራሱ ተናግሯል። በ1968 የአውሮፓ በጋ ወራት ጂሚ ፔጅ አዲስ ባንድ ሊያቋቁም መሆኑን ባለቤቱ ሞ በሙዚቃ መጽሔት አነበበችና ደውልለት ብላ ወተወተችው። ከፔጅ ጋር በስቱዲዮ ይተዋወቁ ነበር፤ ፔጅም ያው የስቱዲዮ ጊታሪስት ነበርና። ጆንስ ደወለ። ነሐሴ ላይ አራቱ ሰዎች በለንደን ጄራርድ ጎዳና አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተገናኝተው ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ተጫወቱ። ፔጅና ጆንስ የለንደን የስቱዲዮ ሰዎች ናቸው፤ ፕላንትና ቦንሃም ደግሞ ከመካከለኛው እንግሊዝ የመጡ፣ ገና ስም የሌላቸው ወጣቶች። የመጀመሪያው ዘፈን እንዳለቀ ነገሩ እንደሚሠራ አራቱም እንዳወቁ ሁሉም በየበኩላቸው መስክረዋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኦሊምፒክ ስቱዲዮ ገብተው የመጀመሪያውን አልበም በ36 ሰዓት ገደማ የቀረጻ ጊዜ ጨረሱት። ይህ ፍጥነት እንደ ተአምር ይወራል፤ የሁለቱን ሰዎች የስቱዲዮ ዓመታት ለሚያውቅ ግን ተአምር አይደለም። ሦስት ሰዓት ሲባል ሦስት ሰዓት ማለት እንደሆነ የተማሩ ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ቤዙ ልግባ፤ ምክንያቱም የመሣሪያዎቹ ብዛት ቤዙን እንዳይጋርድብን እፈራለሁ። ጆን ቦንሃም ኃይለኛ ከበሮ መቺ ነበር። ቀኝ እግሩ የሚያወጣውን ፈጣን ምት የመጀመሪያው አልበም የመጀመሪያ ዘፈን ላይ፣ ጉድ ታይምስ ባድ ታይምስ ውስጥ ትሰሙታላችሁ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር የሚጫወት ቤዝ ተጫዋች ሁለት ፈተናዎች አሉበት። አንደኛው መፎካከር ነው። ሁለተኛው ተሸሽጎ መቅረት። ጆንስ ሁለቱንም አላደረገም። የከበሮውን እግር እየሰማ፣ አንዳንዱን ምት አብሮ እየረገጠ፣ አንዳንዱን ደግሞ ለቦንሃም ብቻ እየተወ ይጫወታል። ሁለቱም የሞታውንንና የጄምስ ብራውንን ሙዚቃ ይወዱ ነበርና የሌድ ዘፕሊን ሙዚቃ ከባድ ሆኖ ሳለ ለጭፈራ የሚመች የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በዘመኑ የነበሩ ብዙ ከባድ የሮክ ባንዶች ይህ የላቸውም። እነርሱ ይጮኻሉ፤ እነዚህ ይወዛወዛሉ።

በ1969 የወጣውን ራምብል ኦን የተባለውን የባንዱን ዘፈን ልብ ብላችሁ ስሙ። ፔጅ አኩስቲክ ጊታር በቀስታ ይመታል፣ ቦንሃም ከበሮውን ትቶ በእጁ ነገር ያንኳኳል፣ ፕላንት በለሆሳስ ይዘፍናል። ቦታው ባዶ ነው። በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ጆንስ ከቤዙ አንገት ከፍ ካለ ቦታ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ሁለተኛ ዜማ ይዘፍናል። ድምፃዊው ሐረጉን ሲጨርስ ቤዙ ይመልስለታል። አዝማቹ ሲመጣና ጊታሩ ሲጮኽ ግን ጆንስ ወደ ታች ወርዶ መሠረቱን ይይዛል። ዜማ የሚያስፈልግበትን ቦታና ግድግዳ የሚያስፈልግበትን ቦታ ለይቶ ያውቃል። ቤዝ የምትማሩ ልጆች አንድ ዘፈን ብቻ አጥኑ ብባል ይህን እመርጥላችኋለሁ።

ብላክ ዶግ ሌላ ታሪክ ነው። የ1971ዱ አራተኛ አልበም መክፈቻ ነው። መሠረታዊ ሐረጉን ያፈለቀው ጆንስ ነው፤ ቤቱ ለመግባት በባቡር ሲመለስ በአእምሮው መጣለት። ጊታርም ፒያኖም አጠገቡ የለም። አባቱ ግን በልጅነቱ በቁጥሮችና በኖታ ርዝመት ምልክቶች ብቻ ዜማ መያዝን አስተምሮት ነበር፤ ኖታ የሚጻፍበት አምስቱ መስመር አያስፈልግም። እዚያው ባቡሩ ላይ በብጣሽ ወረቀት ጻፈው፤ ምናልባትም በባቡር ቲኬቱ ላይ ነበር ብሏል። የሐረጉ ምስጢር ርዝመቱ ነው። ጊታሩና ቤዙ የሚሄዱበት ሐረግ ከከበሮው አራት አራት ምት ጋር አብሮ አያልቅም። ይሸራረፋል፣ ይቀድማል፣ ይዘገያል። ቦንሃም ግን ሳይናወጥ ቀጥ ብሎ ይመታል፤ በመጨረሻ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። መጀመሪያ ሲሰማ የተሳሳቱ ይመስላል። በእግራችሁ እየመታችሁ ስትቆጥሩት ደግሞ ስሌቱ ምን ያህል የተጠነቀቀ እንደሆነ ታያላችሁ። የሮክ ጊታሪስቶች ሁሉ የሚኮሩበት ሐረግ ቤዝ በሚጫወት ሰው አእምሮ፣ መሣሪያ በሌለበት፣ በአባቱ የቁጥር ስልት የተጻፈ መሆኑ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ወደ ሌሎቹ መሣሪያዎች እንሂድ። በ1970 በወጣው ሦስተኛ አልበም ላይ ሲንስ አይቭ ቢን ላቪንግ ዩ የሚል ዘገም ያለ ብሉዝ አለ። በዚህ ዘፈን ላይ ቤዝ ጊታር የለም። ጆንስ ሃመንድ ኦርጋን በእጆቹ እየተጫወተ ቤዙን በእግሮቹ ይረግጣል። የ14 ዓመቱ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ቀረጻውን በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ብትሰሙት የቦንሃም የከበሮ ፔዳል ሲንቋቋ ጭምር ይሰማል፤ ዘይት አልተቀባም ነበርና። ያን ያህል ጸጥታ ያለበት ቀረጻ ነው። እናም በዚያ ጸጥታ ውስጥ የኦርጋኑ ቤዝ ሲገባ እንደ ጣት ምት ጎልቶ አይወጣም፤ ያብጣል፣ ይንሳፈፋል። ቤዝ ጊታር ቢሆን ኖሮ ዘፈኑ ይከብድ ነበር። ይህ ምርጫ የአቀናባሪ ምርጫ ነው።

ስቴርዌይ ቱ ሄቨንን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። መጀመሪያ ላይ ከጊታሩ ጋር የሚሰሙት ዋሽንቶች የጆንስ ናቸው። ሪኮርደር የሚባለው፣ እንግሊዝ አገር ልጆች በትምህርት ቤት የሚማሩት የእንጨት ዋሽንት ነው። ደራርቦ ስለቀረጸው የጥንት ቤተ መንግሥት ቡድን ይመስላል። ቤዝ ጊታሩ ለብዙ ደቂቃ አይገባም። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች በባንዱ ትልቁ ዘፈን ላይ ቤዙን አስቀምጦ ዋሽንት ይነፋል! ማንዶሊኑም እንዲሁ ነው። ጎይንግ ቱ ካሊፎርኒያ ላይ የሚያብረቀርቀው ድምፅ የእርሱ ማንዶሊን ነው። የሚገርመው ደግሞ ፔጅ በሄድሊ ግሬንጅ፣ ባንዱ ለቀረጻ በተከራየው አሮጌ ቤት ውስጥ የጆንስን ማንዶሊን አንሥቶ ሲነካካ ባትል ኦቭ ኤቨርሞር የተባለው ዘፈን ተወለደ። ጆንስ አምጥቶ ያስቀመጠው መሣሪያ እርሱ ባይነካው እንኳ ዘፈን ይወልዳል።

በመድረክ ላይ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ባንዱ አራት ሰው ብቻ ነው፤ ተጨማሪ ተጫዋች አላመጡም። በአልበም ላይ ኦርኬስትራ ያለበትን ዘፈን እንዴት ይጫወቱት? ካሽሚር በ1975 ሲወጣ የቫዮሊንና የናስ መሣሪያዎች ቅንብር ነበረው፤ የጆንስ ሥራ ነው። በመድረክ ላይ ያን ሁሉ በሜሎትሮን ተካው። ሜሎትሮን ኪቦርድ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ለእያንዳንዱ ቁልፍ የተቀረጸ የቴፕ ክር አለ። ቁልፉን ስትጫኑ ክሩ ይዞርና የእውነተኛ ቫዮሊን ድምፅ ይወጣል፤ ስምንት ሰከንድ ገደማ ሲሆነው ክሩ ያልቃል። ጣትን አንሥቶ እንደገና መጫን ያስፈልጋል። ሙቀት ሲለወጥ ቅኝቱ ይዛባል፣ መብራት ሲዋዥቅም እንዲሁ። ጆንስ በዚህ አስቸጋሪ ማሽን ላይ ሁለት እጁን አድርጎ በእግሩ የቤዝ ፔዳሎችን እየረገጠ በሺዎች ፊት ካሽሚርን ተጫውቷል። ቪዲዮውን ስታዩ ዓይናችሁ ወደ ፕላንት እንዳይሄድ ታገሉ፤ የጆንስን እግሮች እዩ።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ካሽሚር ላይ በዘፈኑ ደራሲነት የተጻፉት ቦንሃም፣ ፔጅና ፕላንት ናቸው። ጆንስ የለበትም። ሕጉ ዜማና ግጥም ለፈጠረ ሰው የባለቤትነት ድርሻ ይሰጣል፤ ያቀናበረው ብዙውን ጊዜ የቀን ሥራ ዋጋውን ብቻ ይዞ ይሄዳል። በባንድ ውስጥም ያው ልማድ ይሠራል። ያን ዘፈን ያለ ቅንብሩ በአእምሯችሁ ለመስማት ሞክሩ። እኔ አይሆንልኝም። ቅንብርን እንደ ተጨማሪ ጌጥ የሚያይ አስተሳሰብ በሙዚቃ ላይ የሚደረግ በደል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም የምለው ለጆንስ ብቻ ተቆርቁሬ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን የባንዱን ታሪክ ባጭሩ ልለፍ። ኖ ኳርተር የተባለው ዘፈን የእርሱ የፒያኖ መድረክ ሆኖ በኮንሰርት ላይ ከ20 ደቂቃ በላይ ይዘልቅ ነበር። ትራምፕልድ አንደር ፉት በተባለው ዘፈን ላይ ክላቪኔት የተባለውን የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ተጫወተ። በ1978 መጨረሻ ወደ ስቶክሆልም፣ አባ የተባለው ቡድን ወዳቋቋመው ፖላር ስቱዲዮ ሄደው የመጨረሻውን አልበም ሲቀርጹ ጆንስ ያማሃ ጂኤክስ ዋን የተባለ ግዙፍ ሲንተሳይዘር ይዞ መጣ። ፕላንትና ጆንስ ቀን ቀን እየመጡ ሥራውን ያዙ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ሌሊት ይመጡ ነበር። ከሰባቱ ዘፈኖች በስድስቱ የጆንስ ስም በደራሲነት አለ። ባንዱ እየላላ በነበረበት ጊዜ የያዘው እርሱ ነበር። መስከረም 25 ቀን 1980 ቦንሃም በ32 ዓመቱ ሞተ። ታኅሣሥ 4 ቀን ሦስቱ ቀሪዎች መቀጠል እንደማይችሉ አሳወቁ። ሌላ ከበሮ መቺ ፈልገው ገንዘብ መሰብሰብ ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። ጆንስ 34 ዓመቱ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሕይወቱን ብዙዎች እንደ ጭራ ያዩታል። እኔ ግን ሰውየው በግልጽ የሚታየው እዚህ ነው እላለሁ። ዝና አለው፣ ገንዘብ አለው፣ ማንም አያስገድደውም። የመረጠው ወደ ቅንብር መመለስ ነበር። በ1992 የወጣው አር ኢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ባንድ አልበም፣ አውቶማቲክ ፎር ዘ ፒፕል፣ በአራት ዘፈኖች ላይ የጆንስ የቫዮሊን ቅንብር አለበት። ከአትላንታ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የመጡ ተጫዋቾች ናቸው የተጫወቱት። ከእነዚህ አንዱን፣ ናይትስዊሚንግን ስሙ። ፒያኖ አንድ ሐረግ እየደጋገመ ይዞራል፣ ድምፃዊው ያስታውሳል። ቫዮሊኖቹ ወዲያው አይገቡም። ሲገቡም ዜማውን አይሸፍኑም፤ ፒያኖው ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ገብተው ይወጣሉ። በእኔ ፍርድ በሮክ ዘፈኖች ላይ ከተጻፉት የቫዮሊን ቅንብሮች ይህን የሚበልጥ ጥቂት ነው። ብዙ ቅንብር ያለ ልክ ስኳር የተጨመረበት ሻይ ይሆናል፤ ይህ አልሆነም።

በ1994 ደግሞ ዲያማንዳ ጋላስ ከተባለች፣ ድምፅዋ ከጩኸት እስከ ሙሾ ከሚዘልቅ አሜሪካዊት ጋር ሙሉ አልበም ሠራ። ታዋቂ ሰዎች ሊነኩት የማይደፍሩት ዓይነት ሙዚቃ ነው። በዚያው ዓመት ፔጅና ፕላንት የድሮ ዘፈኖቻቸውን በአዲስ ቅንብር ለቴሌቪዥን ሲቀርጹ እርሱን አልጠሩትም። አልበሙን ኖ ኳርተር አሉት፤ ራሱ ጆንስ ተለይቶ የሚታወቅበትን ዘፈን ስም። ይህ ትክክል አልነበረም። በ1995 ሌድ ዘፕሊን ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ሲገባ ጆንስ መድረክ ላይ ወጥቶ ወዳጆቹን በመጨረሻ ስልክ ቁጥሬን ስላስታወሳችሁ አመሰግናለሁ አለ።  ከዚያ ወርዶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

የመጀመሪያውን የራሱን የስቱዲዮ አልበም ዙማን ያወጣው በ1999፣ በ53 ዓመቱ ነው። ቤዝ መሪ የሆነበት፣ ድምፃዊ የሌለበት አልበም ነው። በ2007 አንክል ኧርል ለተባለ፣ በባንጆና በፊድል የድሮ የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ ለሚጫወት የሴቶች ቡድን ፕሮዲዩሰር ሆነ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 10 ቀን ለንደን ኦቱ አዳራሽ ውስጥ ሌድ ዘፕሊን በቦንሃም ልጅ በጄሰን ከበሮ አንድ ሌሊት ተሰበሰበ፤ 20 ሚሊዮን ያህል የቲኬት ጥያቄ እንደቀረበ ተዘግቧል። የዓለም ፕሮሞተሮች ቀጥሉ ቢሉም ፕላንት አልፈለገም። ጆንስ ተቀምጦ አልጠበቀም። በ2009 ከሮክ ሙዚቀኞቹ ከዴቭ ግሮልና ከጆሽ ሆም ጋር ዜም ክሩክድ ቫልቸርስ የተባለውን ባንድ መሠረተ። ከሁለቱም ከሃያ ዓመት በላይ ይበልጣቸዋል፤ በመድረኩ ላይ ግን ከሁሉም በላይ የሚስቀው እርሱ ነበር። በ2011 በለንደን ሮያል ኦፔራ ሃውስ በቀረበ አዲስ ኦፔራ ላይ ቤዝ ይዞ መድረክ ላይ ቆመ። በ2012 መጨረሻ ከሁለቱ ጓደኞቹ ጋር በዋሽንግተን የኬኔዲ ማእከል ክብር ተሸለመ። ከፊንላንዳዊው የቼሎ ተጫዋች አንሲ ካርቱነን ጋር ደግሞ አስቀድሞ ያልተጻፈ ሙዚቃ ተጫውቷል።

እንግዲህ ከእናንተ መካከል አምስት መሣሪያ ልማር የሚል ካለ አላስቆመውም። ግን ቅደም ተከተሉን ከጆንስ እንውሰድ። መጀመሪያ አንድ መሣሪያ ላይ ሆኖ ሙሉውን ሙዚቃ መስማት። ቀጥሎ ኖታ ማንበብና መጻፍ፤ ያለዚህ በባቡር ላይ የመጣ ዜማ ባቡሩ ላይ ይቀራል። ከዚያ ለሌሎች ሰዎች ሥራ መሥራት፣ ስም ሳይጠራ። ሁለተኛውና ሦስተኛው መሣሪያ የሚመጣው ዘፈን ሲጠይቀው ነው።

አሁን ወደ ማዳመጡ እናልፋለን። መጀመሪያ ራምብል ኦንን እንሰማለን፤ ድምፃዊውን ለጊዜው ተዉትና ቤዙን ብቻ ተከተሉ። ቀጥለን ሲንስ አይቭ ቢን ላቪንግ ዩ፤ ቤዙ በእግር የሚረገጥ መሆኑን አውቃችሁ ስሙት። ሦስተኛው ናይትስዊሚንግ ነው፤ ቫዮሊኖቹ የት እንደሚገቡ እየጻፋችሁ አዳምጡ። ከዚያ በኋላ ቤዝና ጊታር ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ፊት ትቀርባላችሁ። የብላክ ዶግን ሐረግ በቀስታ አብረን እንጫወታለን። ከበሮ የሚመታ አንድ ሰው ያስፈልገናል፤ ጊታሮቹ ምንም ቢያደርጉ አራቱን ምት ቀጥ አድርጎ የሚይዝ።